መጥኖ መደቆስ በመኸር ይጀምራል

በቆሎው ተፈልፍሎ፣ ጤፉ ተወቅቶ ወደ ቤት በሚገባበት በዚህ ወቅት የአርሶ አደሩ ቤት ከዓመቱ ጊዜ ሁሉ የሞላ ነው። ጎተራው ይሞላል፣ ጎታው ይከደናል፣ የተረፈው በጆንያ ሆኖ ግድግዳ ይደገፋል። ይኸው ቤት ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ግን ገንዘብ ቋጥሮ ወደ እህል ተራ ይወጣል። በታኅሣሥ የሸጠውን ዓይነት እህል በክረምት ዋጋ መልሶ ይሸምታል።

የክረምት ሸመታ መንስኤው የምርት ማነስ ነው ሲባል ይሰማል። ማሳው የጠበበው፣ ዝናብ ያጠረው ወይም በረዶ የመታው አርሶ አደር የሚሸምተው በእርግጥም ምርቱ ስላልበቃው ነው። ነገር ግን ለዓመት የሚበቃ እህል ያስገባ ቤትም በክረምት ሲሸምት ይታያል። የዚህኛው ቤት ችግር ያለው ማሳው ላይ ሳይሆን ጓዳው ውስጥ ነው። ምን ያህል እንዳለው ሳይቆጥር ይሸጣል፤ ቶሎ የሚነቅዘውን አስቀምጦ የማይነቅዘውን ቀድሞ ያወጣል፤ ከነቀዝና ከአይጥ የተረፈውን ይበላል።

ስለዚህ የቤተሰብን የምግብ ወጪ ለመቀነስ የመጀመሪያው ሥራ ቤት ውስጥ ያለውን ማወቅ፣ በተራው መብላትና እስከ ቀጣዩ መኸር ማድረስ ነው። ይህም ሐምሌ ላይ የሚጀመር ሥራ አይደለም። መጥኖ መደቆስ የሚጀምረው እህሉ ከአውድማ ወደ ቤት በገባበት ሳምንት ነው።

ከመሸጥ በፊት ቆጠራ

አንድ ቤተሰብ በዓመት ምን ያህል እህል እንደሚበላ ለማስላት የሚረዳ ቀላል መነሻ አለ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ክፍያውን በእህል በሚፈጽምበት ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ያስባል። ጥራጥሬው ከዚህ በተጨማሪ ነው። በዚህ ልክ ቢታሰብ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ 9 ኩንታል እህል ያስፈልገዋል።

ለምሳሌ ይህ ቤተሰብ 9 ኩንታል በቆሎና 4 ኩንታል ጤፍ አስገባ እንበል። ለቀለብ 7 ኩንታል በቆሎና 2 ኩንታል ጤፍ ይይዛል። ለጠላ፣ ለሰንበቴ፣ ለማኅበርና ለእንግዳ 1 ኩንታል በቆሎ ይመድባል። ለጤፍ ዘር ግማሽ ኩንታል ለብቻው ያስቀምጣል። ለሽያጭ የሚቀረው 1 ኩንታል በቆሎና 1 ኩንታል ተኩል ጤፍ፣ በድምሩ 2 ኩንታል ተኩል ነው ማለት ነው።

አሁን ያው ቤተሰብ ሳይቆጥር 3 ኩንታል ጤፍና 2 ኩንታል በቆሎ ሸጠ እንበል። ዘሩንና የድግሱን ድርሻ ሳይነካ ከቀለቡ ላይ 2 ኩንታል ተኩል አጉድሏል። ይህ መጠን የሦስት ወር ከአሥር ቀን ቀለብ ነው። ቀለቡ ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ ቢቆጠር ጎተራው ሐምሌ 20 ግድም ይራቆታል። ጊዜው አረሙ የሚበረታበት፣ መንገዱ የሚጨቀይበት፣ የእህል ዋጋም የሚወደድበት ነው።

የክረምቱ ዋጋ ከመኸሩ በግማሽ ጨምሮ ቢገኝ የጎደለውን 2 ኩንታል ተኩል መልሶ ለመግዛት በመኸር የ3 ኩንታል ከ75 ኪሎ ዋጋ የነበረውን ገንዘብ ይጠይቃል። ልዩነቱ 125 ኪሎ ነው። ለአምስት ሰዎች የ50 ቀን ቀለብ በአየር ላይ ቀረ ማለት ነው። የየገበያው የዋጋ ልዩነት ከዓመት ዓመትና ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያለፈ ዓመት ሽያጭና ሸመታ አስቦ ቢያሰላ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

በቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ነገሮች አሉ። አንዱ ጥራጥሬ ነው። ዐብይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ፍልሰታ የሚውለው ነሐሴ ላይ በመሆኑ ሽሮው ቀድሞ ካለቀ ባቄላና አተር የሚሸመተው በተወደደበት ወቅት ነው። በሙስሊሙ ቤተሰብ የረመዳን ወር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተመለሰ ስለሚውል የዚያ ዓመት ረመዳን በየትኛው ወቅት እንደሚገባ አይቶ መመደብ ያስፈልጋል። ሌላው ለጠላና ለአረቄ የሚወጣው እህል ነው። ሠርግና ተዝካር ያለበት ቤት ይህን ከቀለቡ ጋር ቀላቅሎ ከያዘ ቁጥሩ አይገጥምለትም።

ቆጠራው ባልና ሚስት አብረው ሲያደርጉት ብቻ ነው የሚሠራው። በብዙ ቤት ጆንያውን ወደ ገበያ የሚያወጣው ባል ሲሆን፣ ከጎታው እየሰፈረች ወደ ወፍጮ የምትልከው ሚስት ናት። በወር ስንት ቁና እንደሚወጣ የምታውቀው እርሷ ሆና ሳለ ሽያጩ ያለ እርሷ ሲወሰን ስሌቱ ይፋለሳል። በበሩ ጀርባ ወይም በልጆች ደብተር ላይ የገባውንና የወጣውን መጻፍ በቂ ነው። በየወሩ መጨረሻ የቀረውን በቀሪዎቹ ወራት ማካፈል ደግሞ ጉድለቱ ገና ሚያዝያ ላይ እንዲታይ ያደርጋል። ሚያዝያ ላይ የታየ ጉድለት የጠላውን እህል በመቀነስ ወይም አንድ በግ በመሸጥ ሊሸፈን ይችላል። ሐምሌ ላይ የታየ ጉድለት ግን ብድር ነው የሚያስገባው።

ቀድሞ የሚነቅዘው ቀድሞ ይበላ

እህል ሁሉ እኩል አይቆይም። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ነቀዝ ሊራባበት አይችልም፤ በደንብ ደርቆ ከርጥበት ከተጠበቀ ለዓመታት ይቀመጣል። ዳጉሳም እንዲሁ ነው። በቆሎና ማሽላ ግን ነቀዝ ፈጥኖ ይገባባቸዋል። በተለይ ሽፋኑ ጫፉን በደንብ ያልሸፈነው በቆሎ ገና ማሳ ላይ ሳለ ነቀዝ ይጀምረዋል። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስርም የየራሳቸው ነቀዝ አላቸው። ስንዴና ገብስ በመካከል የሚገኙ ናቸው።

ሴቷ ነቀዝ ቅንጣቱን በስታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች፤ በዕድሜዋም ከመቶ በላይ ልትጥል ትችላለች። በሞቃት አካባቢ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነቀዝ ያለው ጊዜ ከአንድ ወር ብዙም አይበልጥም። በታኅሣሥ ጥቂት የነበረው በሚያዝያና ግንቦት ጆንያውን የሚያሞቀው ለዚህ ነው። በምሳሌያችን ቤት ከ9 ኩንታል በቆሎ ከአሥር እጅ አንዱ ቢነቅዝ 90 ኪሎ፣ ማለትም የ36 ቀን ቀለብ ይሄዳል።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የሚነቅዘው ቀድሞ ይበላ፣ የማይነቅዘው ቆይቶ ይሸጥ። በቆሎውን፣ ማሽላውንና ባቄላውን በበጋ ወራት ማስቀደም፣ ጤፉንና ዳጉሳውን ወደ ክረምት ማሻገር ማለት ነው። ለሽያጭ የተያዘው ጤፍም ቢሆን በአንድ ቀን ከመውጣት ይልቅ ዕዳ የሚከፈልበት ብቻ በመኸር ወጥቶ የቀረው እስከ ግንቦትና ሰኔ ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም። በተግባር ግን የሚታየው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ጤፉ ጥሩ ገንዘብ ስለሚያወጣ በታኅሣሥና በጥር ይሸጣል፤ በቆሎው በጆንያ ተከምሮ ይነቅዛል።

ካለፈው ዓመት የተረፈ እህል ካለም ከአዲሱ ጋር መቀላቀል የለበትም። ነቀዙን ወደ አዲሱ ያሻግረዋልና። አሮጌው ተነፍቶና ተበጥሮ ቀድሞ ይፈጭ። ጎተራው ተጠርጎ፣ ስንጥቁ ተመርጎና ፀሐይ መትቶት አዲሱ ይግባ።

በደጋው አካባቢ ድንች ለሚያመርቱ ቤቶች የሚበላውና ለዘር የሚያዘው ድንች አቀማመጥ እንደሚለያይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሚበላው ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል። ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ የሆነ ድንች ደግሞ ለምግብ አይሆንም። የዘሩ ድንች ግን ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው ብርሃንና ነፋስ በሚያስገባ የቆጥ ማከማቻ ሲቀመጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል።

ያለውን ማቆየት

ማከማቸት የሚጀምረው ከማድረቅ ነው። እህሉ መድረቁን ለማረጋገጥ ማንም ቤት ሊያደርገው የሚችል የጨው ሙከራ አለ። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመራል። ጠርሙሱ ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል፤ ከዚያም ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ላይ በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ይሰጣ። ካልተጣበቀ ሊከማች ይችላል። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ እህል ከአፈሩ እርጥበትና ሻጋታ ይወስዳል።

ነቀዝን ያለ ኬሚካል ለመከላከል በስፋት የተሞከረው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት ከውጭ ጆንያ፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ፕላስቲኮች አሉት። የሚሠራውም አየር በመከልከል ነው። እህሉ በውስጠኛው ፕላስቲክ ይሞላል፤ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ አፉ ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ ይታሰራል። ሁለተኛው ፕላስቲክና ውጫዊው ጆንያም በየተራ እንዲሁ ይታሰራሉ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየር አጥሮት መብላትና መራባት ያቆማል፤ ይሞታልም። በዚህ ከረጢት ውስጥ ምንም ዓይነት መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም።

ሆኖም ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። እርጥብ እህል ከገባበት ይሻግታል። ቶሎ ቶሎ የሚከፈት ከረጢት አየር ስለሚገባው ጥቅሙን ያጣል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ከረጢት ብቻ ተከፍቶ እስኪያልቅ ይበላ። አይጥ ከበሳውም ዋጋ የለውም፤ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በርብራብ እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ቤቱም ድመት ይኑረው። ዋጋው ከተራው ጆንያ ከፍ ቢልም ካልተቀደደ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያገለግላል።

ከረጢቱን ያላገኘ ቤት አባቶችና እናቶች የሚያውቁት ዘዴ አለው። በቆሎን፣ ማሽላን ወይም ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ አንዱ ነው። የጤፉ ቅንጣት በመካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

ለእህል ተብሎ በየገበያው የሚሸጠው የእንክብል መርዝ ግን ከሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። እንክብሉ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሰውና እህል በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት የዚህ አደጋ ትልቅነት ለማንም ግልጽ ነው።

ከጓዳ የሚወጣ ማዕድ

ቤት ያለውን እህል እያስቀመጡ ከሱቅ መሸመት የወጪው ሌላ ቀዳዳ ነው። ማካሮኒና ፓስታ ከወረዳ ከተማ አልፎ ወደ ገጠር ሱቆች ከገባ ቆይቷል። ጓዳው ስንዴና ገብስ ካለው ቅንጬ፣ ገንፎና በሶ ከዚያ የሚያንሱ አይደሉም። ለእርሻና ለአረም የሚወጣ ሰው ቆሎና ንፍሮ ይዞ ቢወጣ ከሱቅ ዳቦ ይድናል። ለሕፃናት እህልና ጥራጥሬን ቀላቅሎ ፈጭቶ ገንፎ መሥራት ከታሸገ ምግብ የተሻለና የረከሰ ነው።

ዘይት ከቤት ወጪዎች ከባዱ እየሆነ በመጣበት ጊዜ ኑግ፣ ተልባና ሱፍ ያለው ቤት ዕድለኛ ነው። በጾም ወቅት የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ወጥ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ቢሠራ የዘይቱ ጠርሙስ ዕድሜ ይረዝማል። ጤፍን ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መጋገርም የጤፉን ጆንያ ወደ ክረምት ያሻግራል።

ዱቄት ከእህል ይልቅ ቶሎ እንደሚበላሽ ማወቅም ይጠቅማል። ሽሮም ሆነ ዱቄት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ቢፈጭ ይመረጣል፤ እህሉ በቅንጣቱ ይቆይ። ይህ በወረዳ ከተማ ለሚኖረው የመንግሥት ሠራተኛም ይሠራል። በመኸር ከጓደኞቹ ጋር ተባብሮ በኩንታል የሚገዛ ሠራተኛ ሁሉንም በአንዴ አስፈጭቶ ካስቀመጠ በርካሽ የገዛውን በብልሽት ያጣዋል። ሽንኩርትም በፌስታል ከመታሰር ይልቅ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቢዘረጋ ይቆያል።

እንጀራ ሲተርፍ ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይገባል። ድርቆሽ በደረቅ ዕቃ ከተያዘ ለብዙ ሳምንታት ይቆያል፤ ሥራ በሚበዛበት ቀን ደግሞ ፍርፍር ሆኖ ይቀርባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ መጠን አድርጎ መጋገር ከአንድ ትልቅ ጋገራ ይልቅ ሻጋታን ይቀንሳል።

ቁጠባ የማይፈቀድባቸው

ያለውን መጨረስ ማለት የተበላሸውን መብላት ማለት አይደለም። የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝ ወይም በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ይህ መርዝ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም፤ ሲደጋገም ጉበትን ይጎዳል። ለምትታለብ ላም ቢሰጥም ወደ ወተቱ ይገባል። ስለዚህ የሻገተው ለሰውም ለከብትም ሳይሆን ለማስወገድ ይለይ።

በመድኃኒት የታሸ ቀለም ያለው ዘር ታጥቦም ቢሆን አይበላም፤ ለጠላም አይሆንም። ለዘር የተያዘውን የራስ እህል በክረምት ችግር መብላትም የሚቀጥለውን ዓመት ቀለብ መብላት ነው። ለዚህ ነው ዘሩ ከቀለቡ ተለይቶ በሌላ ዕቃ የሚቀመጠው።

ጓያም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ በመሆኑ ሌላው እህል ሲያልቅ የሚቀረው እርሱ ነው። ከሌላ ምግብ ጋር በጥቂቱ መበላቱ ችግር ባይሆንም ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውም እግር ወደ ነበረበት አይመለስም። በደንቢያና አካባቢው ያለፈው ዘመን የችግር ጊዜ ብዙ ወጣቶችን በዚህ መንገድ አካል ጉዳተኛ አድርጓል። ጓያ ያለው ቤት ከመኸር ጀምሮ ከሌላው እህል ጋር እየቀላቀለ በጥቂቱ ቢጠቀምበት ክረምት ላይ ብቻውን አይቀርበትም። የቆጠራው ጉዳይ ከገንዘብ አልፎ የጤና ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ነው።

የወረዳው ድርሻ

አርሶ አደሩ ጤፉን በጥር የሚሸጠው ቆይቶ መሸጥ እንደሚሻል ስለማያውቅ አይደለም። የመሬት ግብር፣ የጤና መድን መዋጮ፣ የቁጠባና ብድር ክፍያ፣ ልዩ ልዩ መዋጮዎችም በአብዛኛው የሚጠየቁት መኸር በገባ ማግሥት ነው። ሁሉም በአንድ ወቅት ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ ለዚያው ዕዳ ብዙ ኩንታል ይወጣል። የወረዳና የቀበሌ አመራሮች መዋጮዎችን በሁለት ዙር ከፋፍለው ቢሰበስቡ፣ መክፈል የማይችለውም እስከ ሚያዝያ ጊዜ ቢሰጠው የሚወጣ ተጨማሪ በጀት የለም። ገቢውም አይቀርም።

ሁለተኛው የአቅርቦት ጉዳይ ነው። የተሻሻለ ማከማቻ ከረጢት በመጋቢት ቢመጣ ነቀዙ ቀድሞታል። ሁለገብ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፍላጎቱን በክረምት መዝግበው በጥቅምት ካላስገቡ ሥራው ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል። ማኅበራቱ በመኸር ከአባላቱ ገዝተው በክረምት በመጠነኛ ትርፍ መልሰው ለአባላት ቢሸጡም ሸማቹን አርሶ አደር ከነጋዴ ዋጋ ይታደጉታል። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። እህልን በመጋዘን አስቀምጦ በደረሰኙ ብድር የማግኘት አሠራር ወደ አነስተኛው አርሶ አደር በወረደ መጠን በጥር የመሸጥ ግዴታው ይቀንሳል።

ሦስተኛው የባለሙያው ሥራ ነው። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች ዘርና ማዳበሪያ በሄክታር እንደሚያሰሉ ሁሉ ቀለብን በቤተሰብ ቁጥር የሚያሰላ አንድ ገጽ ቅጽ ይዘው በኅዳርና በታኅሣሥ በየቤቱ ቢዞሩ፣ ስሌቱንም ከባልና ከሚስት ጋር ቢሠሩ ትልቅ ለውጥ ይመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ሻጋታንና ጓያን በቤት ለቤት ትምህርታቸው ሊያካትቱ ይገባል። ወረዳው በዓመቱ መጨረሻ ሲገመገም ስንት ኩንታል ተመረተ ከሚለው ጋር ስንት ቤተሰብ ያለ ሸመታ ክረምቱን ተሻገረ የሚለውም ቢጠየቅ፣ በማሳ ላይ የተለፋበት ምርት ጓዳ ውስጥ የት እንደሚቀር በግልጽ ይታያል።

እስከዚያው ግን ቆጠራው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በዚህ ሳምንት ጤፍ ጭኖ ገበያ ሊወጣ የተዘጋጀ ቤተሰብ ጆንያውን ከማሰሩ በፊት የቤቱን ሰው ቁጥር በ15 ኪሎ፣ ከዚያም በ12 ወር አባዝቶ ከጎተራው ጋር ቢያመሳክር ስንት ኩንታል መሸጥ እንደሚችል ያኔውኑ ያውቀዋል።